ተራራና ተራራ

በጆንያ ጠቅልለው፣ ጭነውት በባጃጅ፣
እትዬ ዘምዘም የወፍጮውን ዘንግ ጣሉት ከቶርኖ ቤት ደጅ።
«ይጮኻል» አሉ፣ «ሌቱን ሙሉ፣ ሆዱን እንደሚያመው ልጅ፤
ኮምቦልቻ አልተኛችም፤
ማሽላው ደጄ ላይ ተቆልሏል፣ እኔን እንጂ ወፍጮን ማንም አይወቅስም።»

ጋሽ ሙሄ የሉም፤ ለቅሶ ሄደዋል፣ ሐይቅ።
ሥራው እጄ ገባ፤ የኔ እጅ ችኩል ነው፣ የማያውቀውን የሚያውቅ።
ሞረድኩት በሊማ፣ ፈተግኩት በብርጭቆ ወረቀት፣
ከዚያ በጨርቅ፣ ከዚያ በመዳፌ፣ እስኪነጋ ሌት።
ጥርሴን አየሁበት፣ ጠጉሬን አበጠርኩበት፤
መስታወት ሆነ ያ ብረት።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ።
መጮኹን ትቷል አሁን፤ ነክሶ ነው የቀረ፣
ሰማያዊ ሆኖ፣ ከነሐስ ኩሽኔታው ጋር ተጣብቆ ያረረ።

ጋሽ ሙሄ መጡ። እኔን አላዩኝም።
በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዘንጉን ጫር አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣
የሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነው።
«ፊትህን ልታይበት ነው፣ ወይስ ሊዞር?» አሉ።
«ዘይትም እግር አለው፤ የሚረግጥበት ይሻል፤
ሊሾ ወለል ላይ ውሃ ስትደፋ አላየህም? ይሸሻል።»

ከዚያ ወደ ደጅ አወጡኝ።
ማለዳ ነው። ጉሙ ሐረጎ ላይ ተጋድሟል፤
ጥምዝምዙ መንገድ የለም፣ አይሱዙው የለም፣ ሸለቆው ሞልቷል፤
ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል።

«ብረት ሜዳ መሰለህ? ወሎ ነው።
ሸንተረር ነው፣ ገደል ነው፤ ያጠረው ያንተ ዓይን ነው።
‹ተራራና ተራራ አይገናኝም› ይላል ሰው፤
ቶርኖ ቤት ያልዋለ ነው ይህን የተረተው።
እዚህ ውስጥ ይገናኛል። ጫፍ ጫፍን ይነካል፤
ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ቺንጋ፣ በጥቂት ጫፍ ላይ ያርፋል፤
ጫፉም ይግላል፣ ይጣበቃል፣ ይነቀላል።
ዘይት ያ ጉም ነው። ከጫፎቹ በላይ ካልሆነ ከፍታው፣
‹ተሸክሜያለሁ› ቢልህ አትስማው።
ከፍ ካለ ግን፣ ከጠጉር ቢቀጥንም እንኳ፣
ተራራ በተራራ ላይ ያልፋል፣ ሳይነካካ።»

«ታዲያ ጫፉን ሁሉ ልላጨው?»
«ጫፉን ላጭ። ሸለቆውን አትድፈን።
ጉሙ የት ይደር?»

አዲስ ዘንግ አሰርን። ስለቱን አሳሉኝ፣ ሦስቴ ጥለው፣ ሦስቴ መልሰው።
ሲያልቅ አላበራም፤ ስስ መስመር አለው፣
በጥፍር የሚሰማ፣ በዓይን የማይጨበጥ፣
ማለዳ እንደ ታረሰ እርሻ ከሩቅ።

መጀመሪያ ባዶውን አዞርነው፣ ያለ እህል፣ በዝግታ፤
እትዬ ዘምዘም ተቆጡ፣ ቆጣሪው እየሮጠ እስከ ማታ።
«ይላመዱ» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ «እንግዳና እንግዳ ናቸው።»
ሲመሽ ዘይቱን ቀዳነው፤
ግራጫ ነው፣ ቢጫ ብልጭታ አለው፣
የሁለቱም ጫፍ ደቅቆ፣ የማን እንደሆነ ሳይለይ ተደባልቆ።
በጣቴ ነካሁት። ለስላሳ ነው። ዱቄት ነው እሱም።

ይፈጫል አሁን፣ ድምፁን አጥፍቶ።
ግን መብራት ይሄዳል፣ በቀን ሦስቴ፣ አራቴ፤
ሰው ጨለማውን ሲረግም፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ፣ እጄን ጭኜ በአንገቴ።
ቺንጋው ይላላል፣ ድንጋዩ ይዝላል፣
ዙሩ ሲደክም ዘይቱ ይሳሳል፣
ጉሙ ወደ ሸለቆው ይወርዳል።
መዞር አይደለም ብረትን የሚበላው፣
መቆም ነው። መቆምና መነሳት ነው።

ከዚያ፣ ከመቆሙ አንዲት ትንፋሽ በፊት፣
አንድ ነገር ይነካካል፤ ወይም የነካ ይመስለኛል።

«ምን ገትሮሃል?» ይላሉ እትዬ ዘምዘም፣ ሻማ እየዳበሱ።
«ዛሬ» እላቸዋለሁ፣ «ዘይት ጨምረዋል?»